ሪዶክስ ነው ወይስ አይደለም? አምስት ሪያክሽኖች በኦክሲዴሽን ቁጥር

ሰማያዊ ጠጠር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የመሰናዶ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ሪያክሽኖችን በአራቱ የተለመዱ ስሞች (ኮምቢኔሽን ማለትም መጣመር፣ ዲኮምፖዚሽን ማለትም መፍረስ፣ ሲንግል ዲስፕሌስመንት ማለትም አንዱ ሌላውን መተካት፣ ደብል ዲስፕሌስመንት ማለትም ሁለት ውህዶች አጋር መለዋወጥ) መለየት አይቸግራቸውም። «ሪዶክስ ነው ወይስ አይደለም?» ሲባሉ ግን ይደናገራሉ። በስልክ ስለምጽፍ ቀመሩን ትቼ በስም አስቀምጬዋለሁ፦

1) ካልሲየም ካርቦኔት → ካልሲየም ኦክሳይድ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

2) 2 ፖታሲየም ክሮሜት + ሰልፈሪክ አሲድ → ፖታሲየም ዳይክሮሜት + ፖታሲየም ሰልፌት + ውሃ

3) አሞኒየም ናይትሬት → ዳይናይትሮጅን ሞኖክሳይድ + 2 ውሃ

4) 2 ኮፐር(2) ሰልፌት + 4 ፖታሲየም አዮዳይድ → 2 ኮፐር(1) አዮዳይድ + አዮዲን + 2 ፖታሲየም ሰልፌት

5) ማግኔታይት + 8 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → ብረት(2) ክሎራይድ + 2 ብረት(3) ክሎራይድ + 4 ውሃ

የልጆቹ መልስ ይሄ ነው፦ 1ኛው ሪዶክስ ነው፣ ኦክሲጅን ስለለቀቀ። 2ኛው ሪዶክስ ነው፣ ቀለሙ ስለተለወጠ። 3ኛው አይደለም፣ ናይትሮጅን በሁለቱም በኩል +1 ስለሆነ። 4ኛው አይደለም፣ ደብል ዲስፕሌስመንት ስለሆነ። 5ኛው ነው፣ ብረት ከ+8/3 ወደ +2 እና +3 ስለሄደ። 3ኛውንና 5ኛውን እኔም ሳሰላው ያው ቁጥር ነው የሚመጣልኝ፤ ግን አልተዋጠልኝም። የት ነው የሳትነው?

ፒፔት፦

አምስቱም መልስ ስህተት ነው። ግን አምስቱም የተሳሳቱበት ምክንያት የየራሱ ስለሆነ ጥያቄዎቹን የመረጠው ሰው አውቆ ነው የመረጣቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ኮምቢኔሽን፣ ዲኮምፖዚሽን የሚሉት ስሞች የሚነግሩን ማን ከማን ጋር ተጣምሮ ማን ከማን እንደተለያየ ነው። ሪዶክስ የሚለው ደግሞ ኤሌክትሮን ከማን ወደ ማን እንደሄደ ነው፦ የሰጠው ኦክሲዳይዝ ሆነ ይባላል፣ የኦክሲዴሽን ቁጥሩ ይወጣል፤ የተቀበለው ሪዲዩስ ሆነ ይባላል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ «ዲኮምፖዚሽን ነው ወይስ ሪዶክስ?» ብሎ ማማረጥ ስለ አንድ ሰው «ረጅም ነው ወይስ ቀይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ አንዱንም ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ የኦክሲዴሽን ቁጥር ማውጫ ደንቦቹ ተራ። ተማሪው ደንቦቹን ይሸመድዳል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም ግን አይነገረውም። ተራው እንዲህ ነው፦ ነጻ (ከሌላ ጋር ያልተዋሃደ) ንጥረ ነገር 0፤ ነጠላ አዮን የራሱ ቻርጅ፤ ፍሎሪን በውህድ ውስጥ -1፤ ከዚያ የምድብ አንድ ሜታሎች +1፣ የምድብ ሁለት +2፣ አሉሚኒየም +3፤ ከዚያ ሃይድሮጅን +1፤ ከዚያ ኦክሲጅን -2፤ የቀረው በድምር ይወጣል። ሁለት ደንብ ሲጋጭ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል። በዚህ ተራ ከሄዳችሁ «ልዩ ሁኔታ» እየተባሉ ለብቻ የሚሸመደዱት በራሳቸው ይወጣሉ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ ሃይድሮጅን ቀድሞ +1 ስለሚይዝ ለእያንዳንዱ ኦክሲጅን -1 ብቻ ይደርሰዋል። ሶዲየም ሃይድራይድ ላይ ሶዲየም ስለሚቀድም ሃይድሮጅኑ ወደ -1 ይወርዳል። ኦክሲጅን ከፍሎሪን ጋር ሲዋሃድ +2 የሚሆነውም ፍሎሪን ስለቀደመው ነው።

1ኛው፦ ካልሲየም +2፣ ሦስት ኦክሲጅን -6፣ ስለዚህ ካርቦን +4። በቀኝ በኩልም ካልሲየም +2፣ ካርቦን +4፣ ኦክሲጅን በሁለቱም -2። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሪዶክስ አይደለም። «ኦክሲጅን ከለቀቀ ሪዳክሽን ነው» የሚለው የድሮው ትርጉም ነው ያሳሳታቸው። እዚህ ካልሲየም ጋር የቀረው ኦክሳይድ አዮን ኤሌክትሮኖቹን እንደያዘ ነው። እንዲያውም ኖራ ከድንጋዩ እስከ ግድግዳው የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ሪዶክስ የለበትም። ድንጋዩ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው እየፈላ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ካርቦኔት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ካልሲየም +2፣ ካርቦን +4 ናቸው። (ከምድጃው ስር የሚነደው እንጨት ግን ሪዶክስ ነው።)

2ኛው፦ ክሮሜት ላይ 2 ፖታሲየም +2፣ 4 ኦክሲጅን -8፣ ክሮሚየም +6። ዳይክሮሜት ላይ 2 ፖታሲየም +2፣ 7 ኦክሲጅን -14፣ ለሁለት ክሮሚየም +12 ይቀራል፤ አንዱ +6። ያው ነው። ቢጫው ብርቱካናማ የሆነው ሁለት ክሮሜቶች በአንድ ኦክሲጅን ስለተያያዙ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ክሮሚየም የምር ሪዲዩስ ሲሆን፣ ለምሳሌ አሲድ ባለበት በኤታኖል ሲሞቅ፣ ቀለሙ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ +3 ነው።

3ኛው ነው ዋናው ወጥመድ። የቀመሩን ሁለት ናይትሮጅን አንድ ላይ ካሰላችሁ፦ 4 ሃይድሮጅን +4፣ 3 ኦክሲጅን -6፣ ለሁለቱ ናይትሮጅን +2፣ አንዱ +1። በቀኝ በኩልም ዳይናይትሮጅን ሞኖክሳይድ ውስጥ ናይትሮጅን +1 ነው። «አልተለወጠም» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። የተሰላው ግን አማካይ ነው፤ አንዱ አምስት እንጀራ በልቶ ሌላው ጾሙን ቢያድር «በአማካይ ሁለት ተኩል በልተዋል» እንደ ማለት። ጨው ሲሆን ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ አዮኖቹ ክፈሉት። አሞኒየም ላይ፦ ናይትሮጅን + 4 = +1፣ ስለዚህ -3። ናይትሬት ላይ፦ ናይትሮጅን - 6 = -1፣ ስለዚህ +5። አንዱ ከ-3 ወደ +1 አራት ወጣ፣ ሌላው ከ+5 ወደ +1 አራት ወረደ። አራት ኤሌክትሮን ከአሞኒየም ወደ ናይትሬት ተላልፏል። ዲኮምፖዚሽንም ነው፣ ሪዶክስም ነው። ሁለት የተለያየ ቁጥር የነበራቸው የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች መሃል ላይ ስለተገናኙ ኮምፕሮፖርሽኔሽን ይባላል።

ቡሬት፦

4ኛውን እኔ ልውሰደው፣ ምክንያቱም ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ሶሉሽን ጠብ እያደረጉ የሌላውን መጠን መለካት) ላይ በተግባር የሚሰራበት ነው።

ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዟል። ደብል ዲስፕሌስመንት ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ኮፐር(2) አዮዳይድና ፖታሲየም ሰልፌት ብቻ ነበር። በቀኝ በኩል ግን ነጻ አዮዲን ተቀምጧል፤ ከአዮዳይድ ነጻ አዮዲን የሚወጣው ኤሌክትሮን ካጣ ብቻ ነው። ቁጥሩ፦ ኮፐር ከ+2 ወደ +1፣ ሁለት አተም ስለሆነ 2 ኤሌክትሮን ተቀበለ። አዮዲን በግራ በኩል አራቱም -1 ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ ወደ 0 ወጥተው 2 ኤሌክትሮን ሰጡ፤ የቀሩት ሁለቱ ከኮፐር ጋር በ-1 ቀሩ። 2 ለ 2፣ ሂሳቡ ተዘጋ። ሰልፌቱና ፖታሲየሙ ተመልካች ናቸው።

በቢከር ውስጥ የሚታየው ደግሞ ያሳስታል። ሰማያዊው ሶሉሽን ላይ ፖታሲየም አዮዳይድ ሲገባ ወዲያው ቡናማ ድፍርስ ይሆናል፤ ተማሪው «ቡናማ ዝቃጭ» ብሎ ይጽፋል። ዝቃጩ ነጭ ነው፤ ቡናማው ውሃው ውስጥ ያለው አዮዲን ነው። ሶዲየም ታዮሰልፌት ብትጨምሩበት ቡናማው ይጠፋና ነጩ ኮፐር(1) አዮዳይድ ብቻውን ይቀራል።

ለቁጥር ምሳሌ፦ 25.0 ሚሊ ሊትር የኮፐር ሰልፌት ሶሉሽን፣ 1.5 ግራም ያህል ፖታሲየም አዮዳይድ ተጨምሮበት፣ ለወጣው አዮዲን 20.0 ሚሊ ሊትር 0.100 ሞላር ታዮሰልፌት ቢፈጅ፦ 2 ኮፐር 1 አዮዲን ያወጣሉ፣ 1 አዮዲን 2 ታዮሰልፌት ይፈጃል፤ ስለዚህ 1 ኮፐር ለ 1 ታዮሰልፌት ነው። 0.00200 ሞል በ0.0250 ሊትር ሲካፈል 0.0800 ሞላር። ደብል ዲስፕሌስመንት ነው ብሎ የጀመረ ተማሪ ይህን 1 ለ 1 ከየትም አያመጣውም።

ስህተት የሚመጣባቸው ቦታዎች፦ ስታርች (ከአዮዲን ጋር ሰማያዊ የሚሆነው አመልካች) ከመጀመሪያው ከተጨመረ አዮዲኑን አጥብቆ ይይዝና መጨረሻው ይንጓተታል፤ ቀለሙ ወደ ሐመር ቢጫ ሲወርድ ነው የሚጨመረው። ኮፐሩ በናይትሪክ አሲድ የሟሟ ከሆነና የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹ በደንብ ተፈልተው ካልወጡ እነሱም አዮዳይዱን ኦክሲዳይዝ ያደርጉታል፤ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይመጣል። ብረት(3) ካለም እንደዚሁ። ነጩ ዝቃጭ ላይ ጥቂት አዮዲን ስለሚጣበቅ ደግሞ «ጨረስኩ» ካላችሁ በኋላ ሰማያዊው ይመለሳል፤ ሊያልቅ ሲል ፖታሲየም ታዮሳያኔት ቢጨመር የተጣበቀውን ያስለቅቃል።

አቋራጭ፦

ይሄ ሁሉ ሂሳብ ለፈተና አይሆንም፣ ሰዓት የለም። አንድ ነገር ብቻ ይዩ፦ በአንዱ በኩል ነጻ ንጥረ ነገር ካለ ሪዶክስ ነው፣ ከሌለ አይደለም። በቃ።

ፒፔት፦

@አቋራጭ የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ጊዜ ይሰራል። ነጻው ንጥረ ነገር ቀስቱን ተሻግሮ ውህድ ውስጥ ከገባ ወይም ከውህድ ከወጣ ከ0 ተነስቷል ወይም 0 ላይ ደርሷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲንግል ዲስፕሌስመንት ሁልጊዜ ሪዶክስ የሚሆነው። ግን 3 ኦክሲጅን → 2 ኦዞን የሚለውን ውሰድ፤ በሁለቱም በኩል ነጻ ንጥረ ነገር ነው፣ ሁሉም 0 ነው፣ ሪዶክስ አይባልም።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ነጥብ ያስጥላል። የጠያቂዋ የሰማያዊ ጠጠር 3ኛ ጥያቄ ላይ አንድም ነጻ ንጥረ ነገር የለም፤ ሪዶክስ ነው። ሰዓት ለመቆጠብ የሚሻለው ሌላ ነው፦ ሰልፌት፣ ናይትሬት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት በግራም በቀኝም ሳይፈርሱ ካለፉ አትስሏቸው፤ ዝለሏቸው። ሲልቨር ናይትሬት ከሶዲየም ክሎራይድ ጋር ሲሆን አራቱም አዮኖች እንዳሉ ስለተሻገሩ በአምስት ሰከንድ «አይደለም» ማለት ይቻላል። ከአዮኖቹ አንዱ ከፈረሰ ነው እስክሪብቶ የሚያስፈልገው።

ሰማያዊ ጠጠር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአሞኒየም ናይትሬቱ ገብቶኛል፤ አማካይ ቁጥር ሊዋሽ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። 5ኛው ላይም ያው ነው ማለት ነው? እግረ መንገዴን ሁለት ልጨምር፦ ኮፐር በናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሲንግል ዲስፕሌስመንት ይባላል? ፐርማንጋኔትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድንስ ባላንስ ሲያደርጉ ለምንድነው ልጆቹ ሁሉ ለአሲዱ 10 ብለው የሚቆሙት?

ሲሊንደር፦

አዎ እህቴ፣ 5ኛው ያው በሽታ ነው። ማግኔታይት 3 ብረትና 4 ኦክሲጅን ነው፤ 8 ለ 3 ሲካፈል +8/3። ግን አንድም ብረት 8/3 ኤሌክትሮን አላጣም። ውስጡ አንድ +2 እና ሁለት +3 ብረት አለ (2 + 3 + 3 = 8)። በቀኝ በኩል የወጣውም አንድ ብረት(2) ክሎራይድና ሁለት ብረት(3) ክሎራይድ ነው፤ እንደነበሩ ወጡ። ተራ የአሲድና የቤዛዊ ኦክሳይድ ሪያክሽን ነው፤ ሪዶክስ የለም። የኦክሲዴሽን ቁጥር ክፍልፋይ ሆኖ ሲመጣባችሁ ቆም በሉ፤ ብዙ ጊዜ «ውስጤ ሁለት ዓይነት አተም አለ» እያላችሁ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ፖታሲየም ሱፐርኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱ ኦክሲጅኖች እኩያ ናቸው፣ -1/2 እውነትም የሁለቱም ድርሻ ነው።

ኮፐርና ናይትሪክ አሲድ፦ ሲንግል ዲስፕሌስመንት አይደለም፣ ምክንያቱም ሃይድሮጅን አልተተካም፤ ሃይድሮጅን ጋዝ አይወጣም። ኮፐር ከአሲድ ሃይድሮጅን የማስለቀቅ አቅም የለውም፤ እዚህ ኤሌክትሮኑን የወሰደው የናይትሬቱ ናይትሮጅን ነው። በጠንካራው (ብዙ ውሃ ባልገባበት) አሲድ፦ ኮፐር + 4 ናይትሪክ አሲድ → ኮፐር(2) ናይትሬት + 2 ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ + 2 ውሃ። ከአራቱ ናይትሮጅን ሁለቱ ከ+5 ወደ +4 ወረዱ፤ ቡናማው ጭስ እነሱ ናቸው፣ መርዛማ ስለሆነ ጭስ ማውጫ ስር ካልሆነ አይሰራም። ሁለቱ በ+5 ናይትሬት ሆነው ቀሩ። በቀጭኑ አሲድ ደግሞ 3 ኮፐር + 8 ናይትሪክ አሲድ → 3 ኮፐር(2) ናይትሬት + 2 ናይትሮጅን ሞኖክሳይድ + 4 ውሃ፤ እዚህ ሁለቱ እስከ +2 ይወርዳሉ፣ ስድስቱ አይነኩም።

ፐርማንጋኔቱ ላይ 10 የሚቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አሲዱ ሁለት ስራ እንዳለው ይረሳሉ። ማንጋኒዝ ከ+7 ወደ +2፣ 5 ወረደ። ክሎሪን ከ-1 ወደ 0፣ 1 ወጣ፤ ክሎሪን ጋዝ ጥንድ ስለሆነ በአንድ ሞለኪውል 2። 5ን እና 2ን ለማመሳሰል 2 ፐርማንጋኔት፣ 5 ክሎሪን ጋዝ። እስከዚህ ልክ ናቸው፤ 5 ክሎሪን ጋዝ 10 ክሎራይድ ይፈልጋል። ከዚያ ግን ፖታሲየሙም ማንጋኒዙም ጨው ለመሆን ክሎራይድ ይፈልጋሉ፦ 2 ፖታሲየም ክሎራይድ 2፣ 2 ማንጋኒዝ(2) ክሎራይድ 4፣ በድምሩ 6። 10 እና 6፣ 16።

2 ፖታሲየም ፐርማንጋኔት + 16 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 2 ፖታሲየም ክሎራይድ + 2 ማንጋኒዝ(2) ክሎራይድ + 5 ክሎሪን + 8 ውሃ

ኦክሲጅን ቁጠሩበት፦ በግራ 8፣ በቀኝ 8። «ሪዲዩስ አድራጊው ስንት ሞል ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ 10 እንጂ 16 አይደለም። ፈታኞች ይህችን ይወዷታል።

በረኪና፦

ስሜን ይዤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ያልተነሳ ዓይነት አለ፤ አንዱ ንጥረ ነገር ራሱ ሰጪ ራሱ ተቀባይ የሚሆንበት፣ ዲስፕሮፖርሽኔሽን። ተማሪው «ማን ኦክሲዳይዝ ሆነ? ማን ሪዲዩስ ሆነ?» ሲባል ሁለት የተለያየ ስም ይፈልግና ያጣል።

በረኪና የሚሰራው በዚህ ነው። ክሎሪን + 2 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → ሶዲየም ክሎራይድ + ሶዲየም ሃይፖክሎራይት + ውሃ። ነጻው ክሎሪን 0 ነው። በሶዲየም ክሎራይድ -1 ሆነ፤ በሃይፖክሎራይት ሶዲየም +1፣ ኦክሲጅን -2፣ ስለዚህ ክሎሪን +1። ከጥንዱ አንዱ አንድ ኤሌክትሮን ለጓደኛው ሰጠ። ሶሉሽኑ ትኩስ ከሆነ ግን ወደ ክሎሬት ያልፋል፦ 3 ክሎሪን + 6 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → 5 ሶዲየም ክሎራይድ + ሶዲየም ክሎሬት + 3 ውሃ። አንዱ ወደ +5 ሲወጣ አምስቱ ወደ -1 ይወርዳሉ። 5 ለ 5።

በረኪና ላይ አሲድ ሲገባ ደግሞ የኋሊት ይሄዳል፦ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → ክሎሪን + ሶዲየም ክሎራይድ + ውሃ። +1 እና -1 ተገናኝተው 0 ሆኑ፤ የ3ኛው ጥያቄ ዘመድ ነው። ከሁለቱ የአሲድ ክሎራይዶች አንዱ ብቻ ነው ኦክሲዳይዝ የሆነው፣ ሌላው ጨው ውስጥ ነው። ሽንት ቤት በአሲድ ማጽጃ አጥበው በላዩ በረኪና የሚያፈሱ ሰዎች አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ የሚወጣባቸው በዚህ ነው። ኮምጣጤም ቢሆን ክሎሪኑን ያስወጣዋል። በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፤ ይህን ሪያክሽን በወረቀት ላይ ብቻ ነው የምታስተምሪው።

ደብል ዲስፕሌስመንት መስሎ የሚያታልለው ሌላው ሶዲየም ታዮሰልፌት + 2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ → 2 ሶዲየም ክሎራይድ + ሰልፈር ዳይኦክሳይድ + ሰልፈር + ውሃ ነው፤ ወረቀት ላይ የተሳለ መስቀል እስኪጠፋ ሰዓት የሚያዝበት ሙከራ። ሰልፈር በአማካይ ከ+2 ተነስቶ አንዱ +4፣ አንዱ 0 ሆነ። ድፍርሱ ሰልፈር ነው።

ሰማያዊ ጠጠር፦

ለክፍል ውስጥ መርዛማ ጭስና ጋዝ የሌለበት የዲስፕሮፖርሽኔሽን ምሳሌ አለ? ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ቢሆን ጥሩ ነው።

ሲሊንደር፦

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈርስ፤ ኦክሲጅን ከ-1 ወደ -2 እና 0። 3 በመቶ የሆነውን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ጥሬ ድንች ቁራጭ ጣል አድርጉበት፣ አረፋው ኦክሲጅን ነው።

ከዚያ የበለጠ የሚያውቁት ደግሞ ጠጅና ጠላ ነው። ግሉኮስ → 2 ኤታኖል + 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ግሉኮስ ውስጥ 12 ሃይድሮጅን +12፣ 6 ኦክሲጅን -12፣ ስለዚህ ካርቦን በአማካይ 0። ኤታኖል ውስጥ 6 ሃይድሮጅን +6፣ 1 ኦክሲጅን -2፣ ለሁለት ካርቦን -4፣ አንዱ በአማካይ -2። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ +4። አራት ካርቦኖች በ2 ወረዱ፣ 8፤ ሁለት ካርቦኖች በ4 ወጡ፣ 8። እርሾው ኦክሲጅን ሳይጠይቅ የሚሰራው ለዚህ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ስኳሩ ውስጥ አለ።

ጋኑ ክፍት ቀርቶ ጠላው ሲኮመጥጥ ግን ተቀባዩ ከውጭ ይመጣል፦ ኤታኖል + ኦክሲጅን → አሴቲክ አሲድ + ውሃ። እዚህ አማካዩን ትታችሁ ካርቦኖቹን ለየብቻ ቁጠሩ። ሦስት ሃይድሮጅን የያዘው ጫፍ በሁለቱም በኩል -3 ነው፣ አልተነካም። ኦክሲጅን የያዘው ካርቦን ከ-1 ወደ +3 ወጣ፣ 4 ኤሌክትሮን። የአየሩ ኦክሲጅን ሁለት አተሞች ከ0 ወደ -2 ወረዱ፣ 4 ኤሌክትሮን።

ሰማያዊ ጠጠር፦

ጠላውን ነገ ቦርድ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ድንቹንም ይዤ እገባለሁ።